ሟሙቶ የጠፋው ሽንኩርት

ዶሮ ወጥ ውስጥ ሽንኩርቱ መታየት የለበትም። ባለሙያዋ አድቅቃ ትከትፈዋለች፣ ውሃው እስኪመጥ በደረቁ ታቁላላዋለች፣ ከዚያ ቅቤና በርበሬ እየጨመረች ለሰዓታት ታበስለዋለች። ሙያዋ የሚመሰገነው ቁሌቱ ልሞ ሽንኩርቱ ከወጡ ጋር አንድ ሲሆን ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት መክተፍ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲሸኝ ድስቱ ሥር የቀረው በእንጀራ ተፈትፍቶ ለግቢው ውሻ ይቀርባል። የሚሰጠው ሰው የሚያየው እንጀራና መረቅ፣ ቢበዛ ጥቂት የሥጋ ቁራጭ ነው። ሽንኩርቱን አያየውም፣ ውሻውን የሚጎዳው ግን እሱ ነው።

ውሻ ተመረዘ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው አንድ ክፉ ሰው በሥጋ ሸፍኖ አጥር ላይ የወረወረው መርዝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መድረሱ እውነት ነው። እኔ እዚህ የምጽፈው ግን በፍቅር ስለሚሰጥ ምግብ ነው። ለሰው የማይጎዳ፣ እንዲያውም ለሰው የተመረጠ ምግብ ውስጥ ቀልጦ ወይም ዱቄት ሆኖ ስለሚገባ ነገር ነው። ውሻ ከእኛ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ስለኖረ እኛ የምንበላው ሁሉ የሚስማማው ይመስለናል። ሰውነቱ ግን አንዳንድ ነገሮችን የሚያስተናግደው ከእኛ ፈጽሞ በተለየ መንገድ ነው፤ ልዩነቱም ከላይ ሲታይ አይታወቅም።

ከሽንኩርት ልጀምር፤ ለእኛ ቤት ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ሲከተፉ ወይም ሲታኘኩ ድኝ ያዘሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ ዓይናችንን የሚያስለቅሰውም ሆነ ምግባችንን የሚያጣፍጠው ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ውሁዶች በውሻ ደም ውስጥ ሲገቡ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ሄሞግሎቢንን፣ ያበላሹታል። የተበላሸው ሄሞግሎቢን ይረጋና በሕዋሱ ግድግዳ ላይ እንደ እብጠት ይለጠፋል፤ ሐኪሞች ይህን እብጠት ሄንዝ ቦዲ ይሉታል። ጣፊያ እንዲህ ያለውን ሕዋስ እንደ ጉድለኛ ቆጥራ ከደም ዝውውር ታስወግደዋለች፤ ሌላው ደግሞ እዚያው ደም ሥር ውስጥ ይፈነዳል። ውጤቱ ደም ማነስ ነው።

ታዲያ እኛ ዕድሜ ልካችንን ሽንኩርት ስንበላ ለምን እንዲህ አንሆንም? ምክንያቱ የሄሞግሎቢኑ አሠራር ነው። በሰው ሄሞግሎቢን ላይ ለዚህ ዓይነት ጥቃት በቀላሉ የሚጋለጡት የድኝ ቡድኖች 2 ሲሆኑ፣ በውሻ 4፣ በድመት 8 ናቸው። በዚያ ላይ የውሻ ቀይ የደም ሕዋስ ራሱን ከእንዲህ ያለ ጉዳት የሚከላከልበት ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም አነስተኛ ነው። ድመት ከውሻም የባሰ ተጋላጭ የምትሆነው በእነዚያ 8 ቡድኖች የተነሳ ነው፤ ድመት ያላችሁ ይህን ክፍል ለእሷም አንብቡት።

እሳት ይህን አይፈታውም። ብዙ ሰው «በስሏል እኮ» ይላል፤ ነገር ግን መቁላላቱም፣ መቀቀሉም፣ ማድረቁም ጎጂውን ነገር አያጠፋውም። እንዲያውም መቁላላት ውሃውን አትንኖ ብዙ ሽንኩርት በትንሽ ወጥ ውስጥ እንዲታጨቅ ያደርጋል። በውሻ ላይ ጉልህ የደም ለውጥ የሚያመጣው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ውሻ ብንወስድ ዝቅተኛው መጠን 225 ግራም ይሆናል። አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ፦ 2 ኪሎ ሽንኩርት የገባበት ወጥ 20 ጭልፋ ቢወጣው፣ በእያንዳንዱ ጭልፋ ውስጥ የ100 ግራም ጥሬ ሽንኩርት ጉዳት አለ። ሁለት ጭልፋ ከሩብ ለዚያ ውሻ በቂ ነው። 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ አንድ ጭልፋ አይሞላም።

እዚህ ላይ ትክክለኛ የሆነ ተቃውሞ ይነሳል፦ «የአባቴ ቤት ውሻ ዕድሜውን በሙሉ የወጥ ፍትፍት በልቶ አድጎ ነው የሞተው።» ይህን የሚል ሰው አይዋሽም። መልሱ በርከት ያለ ነገር አለው፣ አንድ በአንድ ልሂድበት።

በመጀመሪያ፣ በዘወትር ቀን ለውሻ የሚደርሰው አብዛኛው እንጀራ ነው፤ ወጡ እንጀራውን ለማርጠብ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከአደጋው መስመር በታች ይቆያል። መስመሩ የሚታለፈው በበዓል ሰሞን፣ ድስት ሙሉ ሲተርፍና ከአንድ ቀን በላይ በተከታታይ ሲሰጥ ነው። ሁለተኛ፣ ጤነኛ ውሻ የጠፋውን ደም ይተካል። አጥንቱ ውስጥ ያለው መቅኔ አዳዲስ ሕዋሶችን እያመረተ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉድለቱን ሊሞላው ይችላል። በዚያ መሐል ውሻው ጥላ ሥር ይተኛል፣ እንግዳ ሲመጣ እንደ ወትሮው አይነሳም፣ ትንሽ ይደክምና ያገግማል። ማንም እንደታመመ አይቆጥረውም።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። የሽንኩርት ጉዳት በበላበት ቀን አይታይም። ማስመለስና ማስቀመጥ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ ደም ማነሱ ግን ጎልቶ የሚወጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ድዱ ይገረጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሽንቱ ጠቁሮ የሻይ ቀለም ይይዛል። በዚያን ጊዜ ያ ፍትፍት ተረስቷል። አገራችን ውስጥ ደግሞ ውሻ ደሙ ሲያንስ የሚጠረጠር ሌላ በቂ ምክንያት አለ፤ መዥገር። መዥገር ከሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርሱ አሉ፤ ድድ ማገርጣቱ፣ ድካሙ፣ የሽንቱ መጥቆር ተመሳሳይ ነው። መዥገር ቀድሞ ያዳከመው ውሻ በበዓል ወጥ ሲደገም የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ሲሞት ግን ጥፋቱ በሙሉ ለመዥገሩ ይሰጣል። «ስንቱ በልቶ ምን ሆነ» የምንለው ከሞቱት ውስጥ በምን እንደሞቱ ያልታወቁትን ሳንቆጥር ነው።

ወጥ ቢያንስ ወጥ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ይጠረጥረዋል። ዱቄቱ ነው የባሰ የሚሰወረው። የሽንኩርት ከ10 እጅ 9 እጅ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ሲደርቅና ሲፈጭ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ብዙ ሽንኩርት ይይዛል። ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ደርቀው አብረው ይፈጫሉ። በርበሬም ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በግራም ሲሰላ ከቀዩ የበረታ ነው። ስለዚህ «ሽሮ እኮ ነው፣ ሥጋ እንኳን የለበትም» ተብሎ የሚሰጠው የዋህ መሳይ ምግብ የዋህ አይደለም። ሱቅ የሚሸጡት የሾርባ ኩቦችም የሽንኩርት ዱቄትና ብዙ ጨው አለባቸው።

በተለይ የሚያሳዝነኝ የታመመ ውሻ ጉዳይ ነው። ውሻ ምግብ አልበላ ሲል ደግ ሰው የሚያደርገው አጥንት ቀቅሎ፣ ሽንኩርትና ኩብ ጣል አድርጎ፣ የሞቀ ሾርባ ማጠጣት ነው። ለታመመ ሰው እንዲህ ስለሚደረግ ነው። ደሙ ያነሰ ውሻ በዚህ ሾርባ ሲታከም ደሙን የሚያፈርስ ነገር በየቀኑ ይጨመርለታል። ትንሽ ትንሽ መጠን በተደጋጋሚ መስጠትም ጉዳቱን ያጠራቅማል። ያው ሾርባ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ኩብ፣ ያለ ጨው ቢቀቀል ኖሮ ሙሉ በሙሉ ጥሩ ምግብ ነበር።

ሽንኩርት በዝግታ የሚሠራ ከሆነ ዛይሊቶል ተቃራኒው ነው። ይህ ጣፋጭ ንጥረ ነገር ስኳር አልባ ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አፍ ማጠቢያ፣ አንዳንድ የልጆች ሽሮፕና ቪታሚን ውስጥ ይገባል። ለሰው ጥርስ ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ የተደረጉት ጥናቶች ናቸው በማስቲካ ውስጥ ዝነኛ ያደረጉት። ሰው ሲበላው ኢንሱሊኑን እምብዛም አያነሳሳበትም፣ የስኳር ሕመምተኛም የሚመርጠው ለዚህ ነው። የውሻ ቆሽት ግን ትልቅ የስኳር ማዕበል የመጣ ያህል ኢንሱሊን ይለቃል። የሚጠበቀው ስኳር ስለሌለ ኢንሱሊኑ ደም ውስጥ የነበረውን ስኳር ጠርጎ ያወጣዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሻው ሊንገዳገድ፣ ሊወድቅ፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከማስቲካ ጋር ሲዋጥ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ አንዳንዴ ሰዓታት ይዘገያል።

ይህ የውሻ ባሕርይ አዲስ ግኝት አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች ዛይሊቶል በውሻ ላይ ኢንሱሊን እንደሚያስለቅቅ በ1966 ጽፈውታል። ጽሑፉ ግን በላቦራቶሪ ሰዎች መሐል ነው የቀረው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች መጽሔት ላይ ዛይሊቶል በልተው ጉበታቸው ሥራ ያቆመ የ8 ውሾች ታሪክ ታተመ። በዚያ መሐል ማስቲካው በየቦርሳው፣ በየመኪናው ገብቶ ነበር። እውቀቱ ኖሮ ለውሻ ባለቤት ለመድረስ አራት አሥርት ዓመት መፍጀቱ ከማንኛውም ኬሚስትሪ በላይ ያስቆጨኛል።

መጠኑ ትንሽ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ግራም የደም ስኳርን ያወርዳል፤ 0.5 ግራም ገደማ ሲደርስ ጉበትን ያሰጋል። አንድ ፍሬ ማስቲካ እንደ ዓይነቱ እስከ 1 ግራም ሊይዝ ይችላል። 5 ኪሎ ለሚመዝን ትንሽ ውሻ አንድ ፍሬ ያሰጋዋል ማለት ነው፤ አንድ ፓኬት ደግሞ ትልቅ ውሻንም ሊገድል ይችላል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ውሻ ቤት ውስጥ፣ አፓርታማ ውስጥ ያሳድጋሉ፤ ቦርሳ ወለል ላይ፣ ማስቲካ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እዚያ አንድ የተለመደ ነገር ደግሞ አለ፦ ለውሻ ክኒን ሲሰጥ በለውዝ ቅቤ ሸፍኖ ማጉረስ። አብዛኛው የለውዝ ቅቤ ለዚህ አይጎዳም፤ «ስኳር የተቀነሰበት» የሚሉት አንዳንዶቹ ግን በዛይሊቶል የጣፈጡ ናቸው። ማሰሮው ላይ ስሙ ዛይሊቶል ተብሎ ላይጻፍ ይችላል፤ «የበርች ስኳር» ወይም «ኢ967» ተብሎ ይገኛል። በዝርዝሩ ውስጥ ከፊት ከተጻፈ መጠኑ ብዙ ነው። መድኃኒት ለመስጠት የሚያገለግለው ነገር መርዝ ሆኖ ሲገኝ ማየት ከባድ ነው፤ ለማንበብ ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የዘቢብ ታሪክ ሳይንስ ራሱ ለሃያ ዓመት የተደናገረበት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሐኪሞች ወይንና ዘቢብ የበሉ ውሾች ኩላሊታቸው ሲቆም አስተዋሉ፤ በ2001 ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ አወጡ። ግን ምን እንደሚጎዳቸው ማንም አላወቀም። አንዱ ውሻ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወይን በልቶ ምንም አይሆንም፤ ሌላው በጥቂት ፍሬ ይሞታል። ፀረ ተባይ ተጠረጠረ፣ ሻጋታ ተጠረጠረ፣ ብረት ተጠረጠረ፤ አንዱም አልያዘም።

ፍንጩ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ የተሠራ የልጆች መጫወቻ ሊጥ የበላ ውሻ ልክ በወይን እንደተመረዘ ሆኖ ታመመ። በሊጡ ውስጥ ወይን የለም፤ ክሪም ኦፍ ታርታር የሚባለው የመጋገሪያ ዱቄት ግን አለ። ይህ ዱቄት የታርታሪክ አሲድ ጨው ነው፤ ወይን ደግሞ በታርታሪክ አሲድ ከበለጸጉት ጥቂት ፍሬዎች አንዱ ነው። የአሲዱ መጠን እንደ ወይኑ ዝርያ፣ እንደ ብስለቱና እንደ አፈሩ ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱ ውሻ ይድናል፣ ሌላው ይሞታል። ሐኪሞቹ ይህን ግምት በ2021 አሳተሙ፤ ዛሬ ከቀረቡት ሁሉ አሳማኙ ማብራሪያ እሱ ነው። ተማሪንድ የሚባለው ፍሬም በዚሁ አሲድ የበለጸገ ስለሆነ አብሮ ይጠረጠራል። በእኛ በኩል ዘቢብ የሚሰወረው በኅምባሻ፣ በበዓል ዳቦና በኬክ ውስጥ ነው። በዘቢብ «ይህን ያህል ቢበላ አይጎዳውም» የሚባል መስመር የለም፤ ስለዚህ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ለውሻ አይቆረስም። የኩላሊቱ ጉዳት በአንድና በሦስት ቀን መሐል ስለሚታይ፣ መጀመሪያ ካስመለሰው በኋላ ደህና መምሰሉ ሊያዘናጋ አይገባም።

ስለ ቸኮሌት ብዙ ሰው ሰምቷል፤ አጭር ልበል። የሚጎዳው ቴኦብሮሚን ነው፤ የውሻ ሰውነት ግማሹን ለማስወገድ 17 ሰዓት ከግማሽ ያህል ይፈጅበታል። ጥቁርና መራራው ቸኮሌት፣ በተለይም ኬክ ቤት የሚጠቀሙበት ካካዎ፣ ከወተት ቸኮሌት ብዙ እጥፍ የበረታ ነው። ካፌይንም የዚሁ ወገን ነው፤ ቡና ከተፈላ በኋላ የሚደፋው አተላ ውሻ በማይደርስበት ቢደፋ ይሻላል።

ስለ ሻጋታ ግን እቆያለሁ፤ የተበላሸ ምግብ ሁሉ ለውሻ ይሆናል የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ስለሆነ። እንጀራ ሲሻግት፣ ዳቦ አረንጓዴ ሲሆን፣ «ለውሻ» ተብሎ ይለያል። አንዳንዱ ሻጋታ ነርቭን የሚያጠቃ መርዝ ያመርታል፤ ፔኒትረም ኤ የሚባለው በበላው ውሻ ላይ በሰዓታት ውስጥ መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያመጣል። በእህል ላይ ደግሞ አፍላቶክሲን አለ፤ እርጥበት ባገኘ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመርተው፣ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ነው። ውሻ ለዚህ መርዝ እጅግ ተጋላጭ ነው። በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በበቆሎ የተሠራ የፋብሪካ የውሻ ምግብ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በሚቀጥለው ወር ለአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተነገረው የሞቱ ውሾች ቁጥር ከ110 በላይ ነበር፤ ሁሉም በምርመራ የተረጋገጡ ባይሆኑም። የታሸገና መለያ የተለጠፈበት ምግብ እንዲህ ካደረገ፣ ሰው ቀምሶ የጣለው የሻገተ በቆሎ በምን ዋስትና ለውሻ ይሰጣል? ሻጋታውን ፍቆ መስጠትም አይጠቅምም፤ መርዙ ከሚታየው አረንጓዴ አልፎ ይገባል፣ መጋገርም በቀላሉ አያጠፋውም።

ከዚሁ ጋር የበዓል ዋዜማ ሊጥ አለ። ለድፎ ዳቦ በእርሾ የተቦካ ሊጥ ሌሊቱን ወጥ ቤት ሲያድር ውሻ ቢያገኘው፣ ሆዱ ውስጥ ባለው ሙቀት መኩፋቱን ይቀጥላል። ሆዱ ይነፋል፣ እርሾው የሚያመርተው አልኮልም ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ሊገድሉት ይችላሉ።

ውሻ አንዱን መብላቱ ሲታወቅ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወተት ፍለጋ ነው። ወተት ከላይ የጠቀስኳቸውን አንዱንም አያረክስም። ያንዘፈዘፈው ወይም ራሱን የሳተ ውሻ አፍ ውስጥ ወተት ሲንቆረቆር ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል። በጨው ውሃ ማስመለስም የደም ጨውን ከፍ አድርጎ ራሱ ሊገድል ይችላል። ማስመለስ ካስፈለገ ሐኪም ነው የሚያደርገው፣ ጊዜው ሳያልፍ። ዛይሊቶል የበላ ውሻ እየደከመ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ ወደ ክሊኒክ ሲወሰድ ድዱ ላይ ማር ወይም የስኳር ውሃ መቀባት ጊዜ ይገዛል፤ ክሊኒክ ሲደርስ የሚያስፈልገው የግሉኮስ ድሪፕ ነው። የተበላው ነገር መጠቅለያ አብሮ ይያዝ፤ የበላበት ሰዓትና የውሻው ክብደት ይነገር።

የውሻው ድርሻ በቀላሉ የሚለየው ምግቡ ከመሠራቱ በፊት ነው። ሥጋው ተቀቅሎ ሽንኩርትና ቅመም ሳይነካው አንድ ሁለት ቁራጭ፣ አጥንቱ ወጥቶለት፣ ከትኩስ እንጀራ ወይም ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ቢለይለት በቂ ነው። ወጪ አይጨምርም፣ ቀድሞ ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ውሻው ከበዓል ሰሞን ወዲህ ደክሞ፣ ድዱ ገርጥቶ ወደ እንስሳት ሐኪም የወሰዳችሁት እንደሆነ ደግሞ መዥገር ነበረበት ብላችሁ አትጨርሱ። ባለፈው ሳምንት ምን ምን እንደበላ፣ ወጡ ውስጥ ምን ገብቶ እንደነበር ጭምር ተናገሩ። ሐኪሙ አንዲት ጠብታ ደም አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ከጥገኛ ተሕዋስያኑ ሌላ ሄንዝ ቦዲ እንዲፈልግ የሚያደርገው የእናንተ ቃል ነው።